ለወሎ ደጋና ቆላ የሚሆን ቢጫ የጽጌረዳ አጥር፦ የትኛው ለየትኛው ግቢ?

ቢጫ ጽጌረዳን ለአጥር የሚመርጥ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በአበባው ላይ ነው፤ ችግኝ ጣቢያ ገብቶ ከሁሉ የደመቀውን ያነሣል፣ ቤቱ ወስዶ በረድፍ ይተክላል፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ከላይ ጥቂት አበባ የያዘ፣ ከታች ግን ዶሮ የሚያሾልክ ባዶ ዘንግ ሆኖ ያገኘዋል። አጥር የሚሆነው ቁጥቋጦው እንጂ አበባው አይደለም። ስለዚህ እዚህ የማነጻጽራቸውን ዓይነቶች የምመዝነው በአራት ነገር ነው፤ ሙቀትን በመቻላቸው፣ ከሥር እስከ ጫፍ በመሸፈናቸው፣ በክረምቱ ዝናብ ቅጠላቸውን ይዘው በመቆየታቸው እና ቢጫነታቸው በፀሐይ ቶሎ ባለመንጣቱ። የአንዲት አበባ ውበት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

ወሎ ላይ ደግሞ “ሙቀት የሚችል” ሲባል የየት ሙቀት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ አንድ ሰዓት በማይሞላ የመኪና መንገድ ቁልቁል የምትገኘው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ቆቦ፣ ከሚሴ እና ባቲ በ1,500 ሜትር ዙሪያ ይገኛሉ። በየ100 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ እንደሚጨምር ብናሰላ፣ በደሴና በቆቦ መካከል የ6 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። ይህ ለሰው የካፖርትና የሸሚዝ ልዩነት ሲሆን ለጽጌረዳ ግን የበሽታም ልዩነት ነው። ደሴ ላይ ቀኑ ሞቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለው፣ አመዳይ የሚባለው በሽታ ለጋ ቅጠሉን ይይዘዋል፤ በቆላው በኩል ግንቦትና ሰኔ ደርቀው ሲያቃጥሉ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ደቃቅ ተባይ ከቅጠሉ ሥር ሆኖ ይመጠዋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ደጋ ቆላ ሳይል ጥቁር ነጠብጣብ ይመጣል። ይህ የመጨረሻው ፈንገስ ቅጠሉን ለመያዝ 7 ሰዓት ያህል ሳይደርቅ የቆየ እርጥበት ይበቃዋል፤ የነሐሴን ጉም የሚያውቅ የወሎ ሰው ይህ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ይገባዋል።

ሁለት የቢጫ ዘሮች

ችግኝ ጣቢያ ውስጥ የምናየው ቢጫ ቀለም የወረደው ከሁለት ምንጮች ነው፤ ይህን ማወቅ የዓይነቶቹን ስም ከመሸምደድ ይበልጥ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ምንጭ ቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ፓርክስ የተባለ የአትክልት ባለሙያ ከዚያ ወደ እንግሊዝ ካመጣቸው ተክሎች መካከል ሁለት ቢጫ ጽጌረዳዎች ነበሩ። አንደኛው ዛሬ ሌዲ ባንክስ የሚባለው፣ እሾህ የሌለው ለማለት የሚቻለው ረጅም ተክል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የሻይ ቅጠል ሽታ አላቸው ተብለው “የሻይ ጽጌረዳ” የሚል ስም ለወጣላቸው ዓይነቶች ቢጫነትን ያወረሰ ነው። የዚህ ዘር ቢጫ ለዘብ ያለ፣ የቅቤ መልክ ያለው ነው፤ ሙቀትን ግን አይፈራም፣ በዓመት ውስጥም ደጋግሞ ያብባል። ሌዲ ባንክስ ብቻ በዚህ በኩል ለየት ይላል፤ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ምንጭ ከካውካሰስ እስከ መካከለኛው እስያ የሚበቅለው፣ ድርብ አበባ ያለው ዓይነቱ “የፋርስ ቢጫ” እየተባለ የሚጠራው ጽጌረዳ ነው። የአደይ አበባን የሚያህል ደማቅ ቢጫ ያለው ይህኛው ነው። ሊዮን የምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ነዋሪ የነበረው አዳቃይ ዦዜፍ ፔርኔ ዱሼ የፋርሱን ቢጫ ከቀይ ጽጌረዳ ጋር አዳቅሎ ባገኘው ዘር ላይ ለዓመታት ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1900 ሶሌይ ዶር የተባለውን ዓይነት አወጣ። ትርጉሙ “የወርቅ ፀሐይ” ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ ያሉት ወርቃማ ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ የዚህ ተወላጆች ናቸው። ችግሩ ከወርቁ ጋር የፋርሱ ዘር ለጥቁር ነጠብጣብ ተጋላጭነቱንም ማውረሱ ነው፤ አዳቃዮች ይህን ድክመት ከቢጫው ለመለየት አብዛኛውን የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ፈጅቶባቸዋል።

ገዢው ከዚህ የሚያገኘው ነገር ቀላል ነው። እጅግ የደመቀ ወርቃማ አበባ ሲያይ ስለ ቅጠሉ ይጠይቅ፤ ለዘብ ያለ የቅቤ ቢጫ ሲያይ ስለ ፀሐዩ ይጠይቅ፤ ቢጫው ቀለም በብርሃንና በሙቀት የሚፈርስ ስለሆነ ጠዋት የቅቤ መልክ የነበረው አበባ ከሰዓት በኋላ አጓት መስሎ ሊገኝ ይችላልና። የአበባው ቅጠሎች ብዛትም ሊታይ ይገባል። አምስት ስድስት ቅጠል ብቻ ያለው አበባ በሙቀት ጠዋት ተከፍቶ ማታ ይረግፋል፤ አርባና ከዚያ በላይ ያለው በሙቀት ይቆያል፣ ክረምት ላይ ግን የውጪዎቹ ቅጠሎች እንደ ራሰ ወረቀት ተጣብቀው እንቡጡ ሳይከፈት ይበሰብሳል። ሁለት ዓይነት የአየር ጠባይ ለሚፈራረቅበት ለእንደ እኛ ያለ አገር መካከለኛው፣ ማለትም ከሃያ እስከ ሠላሳ አምስት ያለው፣ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

አማራጮቹ ሲነጻጸሩ

ዝቅ ያለ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ አጥር ለሚፈልግ ሰው ቀዳሚ ምርጫዬ ጁሊያ ቻይልድ የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊቷ የምግብ ባለሙያ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። ከ75 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ድረስ ክብ ሆኖ ይሞላል፣ አበባውን በዘለላ ያወጣል፣ ቅጠሉ ያንጸባርቃል፣ ጥቁር ነጠብጣብንም ከብዙዎቹ ቢጫዎች በተሻለ ይቋቋማል። ሽታው እንስላልን ያስታውሳል፤ ለወሎ አፍንጫ እንግዳ አይደለም። ለአጥር የሚያበቃው ዋናው ጠባዩ ግን ከታች ጀምሮ ቅርንጫፍ ማውጣቱ ነው፤ ሁለት ጊዜ ብቻ በወጉ የተገረዘ ረድፍ ከመሬት ጀምሮ ይሸፍናል። ድክመቱ ቁመቱ ነው። ፍየል ለሚያልፍበት መንገድ ዳር የሚሆን አይደለም፤ ፍየል የጽጌረዳ ቅጠል ትወዳለች፣ 80 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ለእሷ የተዘረጋ ማዕድ ነው።

ከዚህ ከፍ ያለ አጥር ለሚፈልግ ሰው ግራሃም ቶማስ አለ፤ በእንግሊዛዊው አዳቃይ በዴቪድ ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ የቀረበ ነው። ጥልቅ ቢጫነቱን ከእርሱ በፊት በነበሩ የቁጥቋጦ ጽጌረዳዎች ላይ ማግኘት ከባድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009ም የዓለም የጽጌረዳ ማኅበራት ፌዴሬሽን ተወዳጅነታቸውን ላስመሰከሩ ጽጌረዳዎች በሚሰጠው ክብር ተመርጧል። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ካታሎግ ላይ “1.2 ሜትር” ተብሎ የተጻፈውን ቁመት አምኖ የሚተክል ሰው ይሳሳታል፤ በሞቃት አገር ይህ ተክል ዘንጉን ወደ ሰማይ ይለቅና ሦስት ሜትር ያልፋል፣ አበባውንም ጎረቤት በሚያየው ከፍታ ላይ ብቻ ያወጣል። መፍትሔው ረጃጅሙን ዘንግ ከመቁረጥ ይልቅ ጎንበስ አድርጎ በሽቦ ወይም በእንጨት ላይ አግድም ማሰር ነው። ዘንግ ሲጋደም ጫፉ ብቻ ሳይሆን በርዝመቱ ያሉት ዓይኖች ሁሉ ይነቃሉ፤ እያንዳንዱ ዓይን አጭር ቅርንጫፍ ያወጣል፣ በየቅርንጫፉም አበባ ይመጣል። ይህን ሥራ በዓመት ሁለት ጊዜ ለመሥራት ትዕግሥት ላለው ሰው፣ በተለይ በኮምቦልቻና በሐይቅ ከፍታ፣ ከግራሃም ቶማስ የተሻለ ረጅም ቢጫ አጥር አላውቅም። ትዕግሥት ለሌለው ግን የዶሮ መሿለኪያ ይሆንበታል።

ወደ ቆቦ፣ መርሳ፣ ከሚሴ እና ባቲ ሲወረድ ሚዛኑ ወደ ቻይናው ዘር ያጋድላል። ሌዲ ሂሊንግደን እ.ኤ.አ. በ1910 የወጣ የሻይ ጽጌረዳ ነው፤ ቢጫው ወደ ማር የሚያደላ፣ አዲስ ቅጠሉ ወይን ጠጅ የመሰለ፣ እንቡጡ አንገቱን የሚደፋ ነው። አንገቱን መድፋቱ ለአበባ ሻጭ ጉድለት ይሆናል፤ ለአጥር ግን ዝናብ በእንቡጡ ውስጥ እንዳይቋጠር ያደርገዋል። ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም፣ ጠንካራ መግረዝንም አይወድም፤ የሻይ ጽጌረዳዎች በየዓመቱ በጥቂቱ እየተቀነጠቡ ሲያድጉ እንጂ ወደ መሬት ሲቆረጡ አያምርባቸውም። ከዚህ የበለጠ ቁመት ለሚሻ ሬቭ ዶር የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1869 የወጣ ዓይነት አለ፤ እሾሁ ጥቂት፣ አበባው ገለባማ ቢጫ፣ ቁመቱ ከሦስት እስከ አራት ሜትር የሚደርስ፣ በሽቦ ወይም በእንጨት ርብራብ ላይ የሚሳብ ነው። ሁለቱም በደማቅነት ከአደይ አበባ ጋር አይወዳደሩም፤ በግንቦት ትኩሳት ግን ደማቆቹ ሲጠወልጉ ይቆማሉ።

ሌዲ ባንክስ የሚደነቅ ተክል ነው፤ ውኃ ጥማትን ይችላል፣ በሽታ ብዙም አይነካውም፣ ስድስት ሜትርና ከዚያ በላይ ይሳባል። ሆኖም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ያንንም ዓመት በሞላው አሮጌ እንጨት ላይ፣ ደህና ብርድ ካገኘ በኋላ ነው። ስለዚህ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ በሚያገኛቸው በደሴና ከዚያ በላይ ባሉ ቦታዎች መሞከሩ ያስኬዳል፤ ቆቦ ላይ የሚተክለው ሰው ግን የሚያገኘው አረንጓዴ ግድግዳ ነው። አበባው ካለፈ በኋላ ካልሆነ በቀር በሌላ ጊዜ የገረዘው ሰው የመጪውን ዓመት አበባ አብሮ ይቆርጣል። እሾህ ስለሌለውም ሌባ አያስፈራም፤ ልጆች ለሚጫወቱበት ግቢ ግን ይህ በጎ ጎኑ ነው።

ሰኒ ኖክ አውት የሚባለው በሽታን በመቋቋም የታወቀ ቢሆንም አበባው ቢጫ ሆኖ ተከፍቶ ቶሎ ወደ ነጭ ስለሚለወጥ፣ ቢጫ አጥር ፈልጌያለሁ ለሚል ሰው አይሆንም። ፒስ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣውና ጫፉ ሮዝ የሆነው ዝነኛው የፈረንሳዊው አዳቃይ የሜይላን ጽጌረዳ፣ ለአንድ ማዕዘን ጌጥ እንጂ ለረድፍ አልመክረውም፤ በጠንካራ ፀሐይ ይነጣል፣ ጥቁር ነጠብጣብም ይይዘዋል። ከአበባ እርሻ የወጡ፣ ለእቅፍ የሚቆረጡ ቢጫ ዓይነቶች ደግሞ በየከተማው በርካሽ ይገኛሉ። ተዳቅለው የተሠሩት ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ ላይ አንድ አበባ እንዲይዙ ስለሆነ ከሥር አይሞሉም፤ በጽሑፌ መግቢያ ላይ ያነሣሁት ባዶ ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ የእነዚህ ነው።

ከንጽጽሩ የማይቀር አንድ የአገር ልጅ አለ፤ ቀጋ። ከ1,900 ሜትር ጀምሮ እስከ 3,300 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ በራሱ የሚበቅል፣ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ብቸኛው አገር በቀል ጽጌረዳ ነው። አበባው ነጭ ወይም ጥቂት ቢጫ የተቀላቀለበት ነጭ ስለሆነ የቢጫን ፍላጎት አያረካም፣ በዓመትም ደጋግሞ አያብብም። አጥርነቱን ግን ማንም አይስተካከለውም፤ ጥምዝ እሾሁ ከብትም ሰውም ያስቆማል፣ ቀይ ፍሬውም የልጆች ምግብ ነው። ደሴ፣ ወልድያ ወይም ሐይቅ አካባቢ ሰፋ ያለ ቦታ ያለው ሰው ከውጪ ቀጋን፣ ከውስጥ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ቢጫውን ቢተክል ፍየሉን በእሾህ፣ እንግዳውን በአበባ ይቀበላል።

በጀሪካን ሲሰላ

ምርጫው መጨረሻ ላይ የሚወሰነው በውኃ ነው። አንድ የተያዘ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ በበጋ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያህል ይፈልጋል፤ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ቢሰጠው ይሻላል፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ግን ሥሩን ወደ ላይ ያስለምደዋል። አሥር ሜትር ርዝመት ላለው አጥር ጁሊያ ቻይልድን በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት የሚተክል ሰው 17 ችግኝ፣ ስለዚህም በሳምንት 17 ጀሪካን ያስፈልገዋል። ግራሃም ቶማስ በ90 ሳንቲ ሜትር ሲተከል 12 ችግኝ ይበቃል። ሬቭ ዶር በሁለት ሜትር ርቀት ስድስት ብቻ ነው፤ ግዙፍ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሁለት ጀሪካን ብንቆጥርለት እንኳ ከ12 አያልፍም። ቧንቧ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ሰፈር ይህ ልዩነት ከአበባው ቀለም ይበልጣል። ሥሩን በገለባ ወይም በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ መሸፈን ትነቱን ይቀንሳል፤ የልብስ ማጠቢያ ውኃ ግን ጨውና በረኪና ስላለበት ለጽጌረዳ አይሰጥም።

ተከላው በሰኔ መጨረሻ ዝናቡ ሲይዝ ቢሆን ይመረጣል። ዋልካ አፈር ባለበት ጉድጓዱ ውኃ ስለሚያቁር ረድፉን ከፍ ባለ መደብ ላይ ማድረግና የበሰለ ፍግ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ ያስፈልጋል። ደጋግመው የሚያብቡት ዓይነቶች ከተገረዙ በኋላ ለማበብ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ስለሚፈጅባቸው፣ ለገና አበባ የሚፈልግ ሰው ከኅዳር አጋማሽ በፊት ይገርዛል። ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ፊት ስለሚቀድም ለእሱ የሚያዘጋጅ ሰው በየዓመቱ እንደ አዲስ መቁጠር አለበት፤ ሁለቱንም በዓል በአንድ ሰፈር በሚያከብሩት በእኛ ዘንድ መቀሱ ዓመቱን ሙሉ አያርፍም።

ስሙን የማያውቁት ችግኝ

እነዚህ ስሞች በአካባቢያችን ችግኝ ጣቢያዎች ተጽፈው የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው፤ ሻጩ “ቢጫ ነው” ይላል፣ በዚያው ያበቃል። እኔም ኮምቦልቻ ላይ ዘጠኝ ችግኝ በዚህ ቃል ብቻ ገዝቼ ተክዬ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ቢጫ አበባ አየሁ፤ በሁለተኛው ክረምት ከአንዳንዶቹ ሥር ቀጫጭን፣ ቅጠላቸው አነስ ያለ፣ እሾሃቸው የበዛ ቡቃያዎች ወጡ፣ አጥሩ ሊሞላልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ዓመት ከዘጠኙ አምስቱ ፈዛዛ ሮዝ አበባ አበቡ። በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተቀጠለ ችግኝ ከታች የራሱ ያልሆነ ሥር እንዳለውና ያ ሥር ከተተወ የላይኛውን አንቆ እንደሚገድለው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ችግኝ ሲገዙ ከግንዱ ግርጌ የተቀጠለበትን ቋጠሮ ይፈልጉ፤ ካለው ከቋጠሮው በታች የሚወጣውን ሁሉ በመቀስ ሳይሆን በእጅ ከመነሻው ገንጥለው ያውጡ፣ የተቆረጠ ብዙ ሆኖ ይመለሳልና። በራሱ ሥር የበቀለ ችግኝ ከተገኘ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ለአጥር እኔ እሱን አስቀድማለሁ።

ከሁሉ የሚሻለው ማረጋገጫ ተክሉ ያደገበትን ግቢ ሁለት ጊዜ መጎብኘት ነው። በግንቦት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄደው ቢጫው እንዳልነጣ ይዩ፤ በነሐሴ ተመልሰው የታችኛው ቅጠል እንዳልረገፈ ይዩ። ሁለቱን ፈተና ያለፈ ቁጥቋጦ ስሙ ባይታወቅም ባለቤቱን ጠይቆ በሐምሌ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ አንድ ስንዝር ርዝመት ያለው ቁራጭ መውሰድ ይቻላል፤ ግማሹ አፈር ውስጥ ገብቶ ጥላ ሥር ከተቀመጠ ብዙውን ጊዜ ይይዛል።

ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ ከሆነ ደግሞ ረድፉን ከቆርቆሮው ቢያንስ 75 ሳንቲ ሜትር ማራቅ ያስፈልጋል። ከቀሩልኝ አራቱ ቢጫዎች ሁለቱ ፊቱ ወደ ምዕራብ በሆነ ቆርቆሮ ሥር ነበሩ፤ በሰኔ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው እጅ አያስነካም፣ የቅጠላቸው ጠርዝ በምጣድ ዳር እንደቀረ እንጀራ ቡናማ ሆኖ ይጠቀለል ነበር። በመስከረም አንሥቼ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ አዛወርኳቸው፤ ለጥምቀት ሁለቱም አብበው ነበር።